«ስብ ነው» ከማለትሽ በፊት

ልጄ፣ የመጀመሪያ ምድብሽ የወለጋው ጊዳ አያና መሆኑን ነግረሽኝ «ጋሼ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በስልክ የማይመለስ ጥያቄ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺን የመሰሉ ሌሎች ወጣት የጤና ባለሙያዎችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

እዚያ የአንገርን ቆላ ይዞ የሚኖረውን የበቆሎና የሰሊጥ ገበሬ አውቀዋለሁ። ሕመሙን ቶሎ አይናገርም። አዝመራው ሳይገባ ሐኪም ቤት አይመጣም። ሲመጣም ስለ ወገቡ፣ ስለ ጨጓራው አውርቶ፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ነው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ «ይቺንስ ብታዪልኝ» የሚልሽ። ዋናው ነገር ያቺው ናት።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በወለጋ ከተሞች ራጅ በማንሣት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አርባ ያልሞላቸው አንድ ገበሬ ጭናቸው ላይ እብጠት ይዘው መጡ። አያማቸውም። የጭናቸውን ራጅ አነሣሁ፤ አጥንቱ ደህና ነበር። «አጥንትዎ ምንም አልሆነም፤ ስብ ነው» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ፤ ፊልሙን ይዘው ወደ ሐኪሙ አልተመለሱም። ከዓመት በላይ ቆይተው እያሳሉ ሲመጡ የደረታቸውን ራጅ ያነሣሁትም እኔው ነበርኩ። ፊልሙን አጥቤ ወደ ብርሃን ከፍ ሳደርገው በሁለቱም ሳንባ ላይ ክብ ክብ ጥላ ተዘርቶ አየሁ። በኋላ ናሙና ሲወሰድ የጭናቸው እብጠት ሳርኮማ፣ ማለትም የለስላሳው የሰውነት ክፍል ካንሰር መሆኑ ታወቀ። «ስብ ነው» ያልኳቸው እኔ ነበርኩ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የተቀዳው ከዚያ ቀን ነው።

1. መጀመሪያ ቃሉን አጥሪው።

በእኛ አገር «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ሁለት በሽታ ተሸክሟል። የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ቲቢ ነው፤ የጡት ነቀርሳ ሲባል ካንሰር ነው። አንገቱ ላይ ንፍፊት ያበጠበት ልጅ አባት «ነቀርሳ ነው» ሲባል የትኛውን እንደሰማ ጠይቂው። የንፍፊት ቲቢ በአገራችን ብዙ ነው፤ በመድኃኒትም ይድናል። ስለዚህ ለይተሽ «ቲቢ» ወይም «ካንሰር» በይ። ምንነቱን እስክታውቂው ድረስ ግን «እብጠት» በይው። እብጠት ማለት ማንንም አያስዋሽም።

በጡንቻ፣ በስብ፣ በነርቭና በደም ሥር ላይ የሚበቅሉት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ካንሰር ያልሆኑት ካንሰር ከሆኑት መቶ እጥፍ ያህል ይበዛሉ። ሳርኮማ ከአዋቂዎች ካንሰር ሁሉ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ለታማሚው ማጽናኛ ነው፤ ለአንቺ ግን ወጥመድ ሊሆንብሽ ይችላል። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ «ስብ ነው» ብሎ ልክ የሆነ ሰው መቶኛውን ማየት ያቆማል።

2. ከመሣሪያው በፊት እጅሽና ሜትርሽ ይሥሩ።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር የልብስ ሰፊ ሜትር ልኬልሻለሁ። በካርድ ላይ «ትልቅ እብጠት»፣ «የሎሚ ያህል» ብለሽ አትጻፊ። በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ከቀኑ ጋር ጻፊው። ከ5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከሐበሻ ዶሮ እንቁላል ርዝመት የሚበልጥ እብጠት መመርመር አለበት። በጥቂት ወራት ውስጥ ከጨመረ፣ ከጡንቻው ሽፋን በታች ከጠለቀ ወይም አንድ ጊዜ ተቆርጦ ወጥቶ እንደገና ከበቀለ ደግሞ ትንሽም ቢሆን አትለፊው። ሕመም ካለበት ጥርጣሬሽ ይጨምር። ሕመም ከሌለው ግን አትዘናጊ፤ ብዙው ሳርኮማ ሲጀምር አያምም። «ካላመመኝ ምን አለኝ» የሚለው ነው ብዙ ሰው ያሳጣን።

ጥልቀቱን ያለ መሣሪያ መገመት ትችያለሽ። እብጠቱ ጭን ላይ ከሆነ ታማሚው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ከአልጋው ከፍ ያድርጉ። ጡንቻው ሲጠነክር እብጠቱ እንደ ቀድሞው በጣትሽ ሥር ከተንሸራተተ ከቆዳው ሥር ያለ ነው። ከተያዘ ወይም ከተሰወረ ጠልቋል። መዳፍሽን ስታሳርፊበት ትርታ ከተሰማሽ ግን መርፌም ምላጭም አታስጠጊ፤ ያበጠ የደም ቧንቧ ሊሆን ይችላል።

«በሬ ረግጦኝ ነው የጀመረኝ» ይሉሻል። ስሚያቸው፤ ግን በዚያ አትዝጊው። ምቱ ብዙ ጊዜ የነበረውን እብጠት ያስታውቃል እንጂ አይፈጥረውም። የረጋ ደም ከሆነ በሳምንታት ውስጥ መቀነስ አለበት። ስድስት ሳምንት አልፎት ካልቀነሰ እንደገና ይታይ።

3. የመጀመሪያው ምስል አልትራሳውንድ ይሁን።

ጨረር የለውም፣ ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፣ ለነፍሰ ጡር ክትትል ተብሎም ወደ ወረዳ ደርሷል። ከቆዳ ሥር ላለ እብጠት ቀጥ ያለውንና ጥርት አድርጎ የሚያሳየውን ፕሮብ ያዢ። ለጭንና ለዳሌ ጥልቀት ግን ለነፍሰ ጡር የምትጠቀሚበት ግማሽ ክብ ፕሮብ ይሻላል። ጄሉን አብዢ፤ እጅሽን አታክብጂ፤ ጤነኛውንም ጎን አይተሽ አነጻጽሪ።

ከዚያ ስለ እብጠቱ አራት ነገር ጠይቂ፦ ከጡንቻው ሽፋን በላይ ነው ወይስ በታች? ውስጡ ውሃ ነው ወይስ ሥጋ? ደም ይሄድበታል? ርዝመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ ስንት ነው? እነዚህ ከተመለሱ ብዙው ጥርጣሬ እዚያው አያና ላይ ይፈታል። ከእጅ አንጓ ጀርባ ያለ፣ ውስጡ ጥቁር ውሃ የሆነ፣ በቀጭን አንገት ወደ መገጣጠሚያው የተያያዘ ከሆነ የመገጣጠሚያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ከቆዳ ሥር ያለ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ የሆኑ ስስ ነጫጭ መስመሮች ያሉት፣ ስትጫኚው እጥፍ የሚል፣ ደም የማይታይበት ከሆነ በእርግጥም ስብ ሊሆን ይችላል። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው ውስጥ እግሩ አብጦ ከመጣ ደግሞ እሾህ ፈልጊ። እሾህና እንጨት በራጅ ብዙ ጊዜ አይታዩም፤ በአልትራሳውንድ ግን ጥላ የሚጥል ደማቅ ጭረት ሆነው ብቅ ይላሉ። በአንዲት እሾህ የተነሣ ወራት ሙሉ በዕጢ ስም የተጨነቀ ሰው አይቻለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ውሃ በአልትራሳውንድ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ሁሉ ግን ውሃ አይደለም። የነርቭ ዕጢ፣ ያበጠ ንፍፊት፣ ንፍጥ የመሰለ ነገር የሞላው ሳርኮማም ጥቁር መስለው ይታያሉ። የደም ፍሰት የሚያሳየውን ዶፕለር ክፈቺው። ውስጡ ደም የሚሄድበት ከሆነ ውሃ አይደለም።

4. ራጅን ከአቅሙ በላይ አትጠይቂው።

ራጅን ያገኘው ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 የሚስቱን እጅ ሲያነሣ ምስሉ ላይ የታዩት አጥንቶቿና ቀለበቷ ነበሩ፤ ሥጋዋ ጥላ ሆኖ ቀረ። የራጅ ጠባይ እስከ ዛሬ ያው ነው። እኔ የሳትኩትም እዚህ ላይ ነው፤ «አጥንቱ ደህና ነው» ማለት «እብጠቱ ደህና ነው» ማለት አልነበረም።

ይህን ስታውቂ ግን ራጅ ይጠቅምሻል። አጥንቱ ተበልቶ እንደሆነ ያሳይሻል። በእብጠቱ ውስጥ ጠጠር የመሰሉ ክብ ነጠብጣቦች ከታዩ የደም ሥር እብጠት መሆኑን ያመለክታሉ። ከምት በኋላ የመጣና ዳር ዳሩን እንደ ቅርፊት አጥንት የሠራ ከሆነ ምቱን ተከትሎ በጡንቻ ውስጥ የበቀለ አጥንት ሊሆን ይችላል። ዝብርቅርቅ ያለ የኖራ ምልክት ግን ሥጋት ነው፤ በመገጣጠሚያ አጠገብ ከሚነሣው የሳይኖቪያል ሳርኮማ አንድ ሦስተኛው ያህል እንዲህ ያለ ምልክት ያሳያል።

5. ኤምአርአይን ለሚገባው ሰው ጠብቂው፤ ለሚገባው ሰው ግን አትሰስቺው።

ከአያና ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ቀላል አይደለም። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ቤተሰብ ለዚህ ጉዞ በሬ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ አልትራሳውንዱ በግልጽ የፈታውን እብጠት ይዞ ሰው አታንከራትቺ። ትልቅ፣ ጠሊቅ፣ የሚያድግ ወይም ያልተፈታ ከሆነ ግን ወጪውን ፈርተሽ ዝም አትበይ።

ኤምአርአይ በመግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ነው፤ እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር የለውም። ለለስላሳ የሰውነት ክፍል ከሁሉም የበለጠ ያሳያል። ስብ በአንዱ ዓይነት ምስል ላይ ደምቆ ይበራል፤ የስብን ብርሃን በሚያጠፋው ምስል ላይ ደግሞ ይጠፋል። እብጠቱ በሙሉ ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ጋር አብሮ በርቶ አብሮ ከጠፋ ስብ ነው። ውስጡ ወፍራም ግድግዳ ወይም የማይጠፋ ጉብታ ካለው ግን የስብ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ይጠረጠራል። ኤምአርአይ ከዚህም ሌላ እብጠቱ የትኛውን ጡንቻ እንደያዘ፣ ከዋናው ነርቭና ከደም ቧንቧው ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል። ቀዶ ሐኪሙ እግሩን ማዳን ይችል እንደሆነ የሚያውቀው ከዚህ ነው።

ከመላክሽ በፊት በሰውነታቸው ውስጥ ጥይት፣ ፍንጣሪ፣ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ ብረት መኖሩን ጠይቂ፤ መግነጢሱ አይምርም። ሲቲ ስካን ደግሞ በዋናነት የሚፈለገው ለደረት ነው፤ ሳርኮማ ሲሰራጭ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ሳንባ ላይ ነውና። ሲቲ እስኪገኝ የደረት ራጅ ይነሣ።

6. ምስል ሰውን ሊያታልል እንደሚችል አትርሺ።

ክፉው ደግ ሊመስል ይችላል። የሳይኖቪያል ሳርኮማ በወጣት ላይ፣ በመገጣጠሚያ አጠገብ፣ ትንሽና ዳሩ የተስተካከለ ሆኖ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። «ወጣት ነው፣ ትንሽ ነው፣ ቆይቷል» የሚሉት ሦስቱ ማጽናኛዎች እዚህ ላይ አይሠሩም። ደም የፈሰሰበት ሳርኮማም የረጋ ደም ይመስላል። ደጉም ክፉ ሊመስል ይችላል፤ በጡንቻ ውስጥ የቋጠረ መግልና ከምት በኋላ የበቀለ አጥንት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪሙንም ያስደነግጣሉ። ስለዚህ ምስሉን ከታሪኩና ከእጅሽ ለይተሽ አታንብቢው።

7. ምስል ይጠቁማል፤ ናሙና ይፈርዳል።

ምስሉ በግልጽ ደግነቱን ካላሳየ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቂ፤ ምስሉ ከመርፌው ይቅደም። መርፌ የወጋው ቦታ ይደማል፣ ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ምስል የዕጢውንና የመርፌውን ሥራ ይቀላቅላል።

ለንፍፊት ቀጭኑ መርፌ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቲቢን ለመለየትም ይረዳል። ለጠሊቅ የጡንቻ እብጠት ግን ቁራጭ ሥጋ የሚያወጣው ወፈር ያለ መርፌ ነው የሚሻለው። እሱም ኋላ ቀዶ ሕክምናውን ከሚሠራው ሐኪም ጋር ተመክሮበት ይወሰድ። መርፌው ያለፈበት መንገድ የካንሰር ሴል ሊዘራበት ስለሚችል ሐኪሙ ያንን መንገድ ከዕጢው ጋር አብሮ ቆርጦ ማውጣት አለበት። ቦታው በግብታዊነት ከተመረጠ የሚቆረጠው ሥጋ ይበዛል።

8. ቢላ መጨረሻ ይምጣ።

አንድ ቀን «ቀላል ናት፣ በአካባቢ ማደንዘዣ ላውጣት» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። ታማሚውም ይለምንሻል። ከቆዳ ሥር ያለች፣ ትንሽ፣ በአልትራሳውንድ የተፈታች ከሆነች መልካም ነው። ያለ ምስል ግን ጠሊቁን እብጠት አትንኪ። ሳርኮማ ሳይታወቅ እንደ ስብ ከተቆረጠ ርዝራዡ ይቀራል፣ ጤነኛው ሥጋ ይበከላል፤ ቀጥሎ የሚሠራው ቀዶ ሐኪም በፊት ያስፈልግ ከነበረው በላይ ለመቁረጥ ይገደዳል። መዳን ይችል የነበረ እግር የሚታጣውም እንዲህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ይህኛው ግን ሲፈስ የሚለቀም አይደለም።

ቆርጠሽ ያወጣሽውን ደግሞ አትጣዪ። ስብ ቢመስልም በፎርማሊን ጨምረሽ፣ ስሙን፣ ቀኑንና ከየት እንደወጣ ጽፈሽ ወደ ፓቶሎጂ ላኪው። ወደ ቆሻሻ የተጣለ ሥጋ ማንም እንደገና ሊመረምረው አይችልም።

9. የሪፈር ወረቀትሽ ይናገር።

«እብጠት፤ ለተጨማሪ ምርመራ» ተብሎ የተጻፈ ሪፈር ባዶ ወረቀት ነው። መቼ እንደጀመረ፣ በምን ያህል ጊዜ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ፣ ጥልቀቱን፣ አልትራሳውንዱ ያሳየውን፣ ከዚህ በፊት የተወጋ ወይም የተቆረጠ መሆኑን ጻፊ። ፊልሙና ምስሉ ከታማሚው ጋር ይሂድ፤ አንድ ምርመራ ሁለት ጊዜ ማስከፈል በድሃ ላይ በደል ነው።

መንገዱን አስቀድመሽ እወቂው። ከአያና ወደ ነቀምቴ ሲወርዱ የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ለሃያ ዓመት ያህል በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ጅማም አገልግሎቱ አለ፤ ከነቀምቴ በበደሌ በኩል ይደረሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላቸው ሪፈሩን ሳይዙ ከሄዱ ወጪው በራሳቸው ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ይህን አጥብቀሽ ንገሪያቸው። አዲስ አበባ ዘመድ የሌላቸውን ስለ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ንገሪያቸው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ የካንሰር ሕሙማንን ይደግፋል።

10. ወጌሻውንና ጸበሉን አትናቂ፤ ተነጋገሪ።

ከአንቺ በፊት ወጌሻው አይቶታል፤ ምናልባት አሽቶታል፣ ተኩሶታል፣ በጥቶታል። ታማሚውን በዚህ ከገሠጽሽው ሁለተኛ አይነግርሽም። የታሸ ወይም የተተኮሰ እብጠት በምስል ላይ መልኩ ይለወጣልና ሳትቆጪ ጠይቂ። ወጌሻውን አግኝተሽ «የሚያድግና የጠለቀ እብጠት ካጋጠመዎ ሳያሹ ወደ እኔ ይላኩልኝ» በዪው። አክብረሽ ከጠየቅሽው ብዙ ሰው ይልክልሻል። ጸበል ልሂድ ላለሽም «ይሂዱ፤ ምርመራውም አይቅር» በይ። ሁለቱ አይጣሉም፤ የሚጎዳው አንዱን እየጠበቁ ሌላውን ማዘግየት ነው።

11. የምትናገሪውን ቃል መዝኚ፤ ቀጠሮውንም አጥብቂ።

ናሙናው ሳይመጣ «ካንሰር ነው» ብለሽ ሰው አታስደንግጪ፤ «ምንም አይደለም» ብለሽም አትሸኚ። «አብዛኛው እንዲህ ያለ እብጠት ክፉ አይደለም፤ የእርስዎ ግን መጥራት አለበት፤ እስኪጠራ አብሬዎት ነኝ» በይ። በሚናገሩት ቋንቋ ይነገራቸው፤ አማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ። ቤተሰብ «ለእሳቸው አትንገሪብን» ቢልሽ ጭንቀታቸውን ተረጂ፤ ነገር ግን ሰውየው ስለ ገዛ አካላቸው የማወቅ መብት እንዳላቸው በትሕትና አስረጂ።

ክትትል ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ያለ ቀን አይሂድ። «ከጨመረ ይመለሱ» አትበይ፤ ሰው የገዛ አካሉ ሲያድግ አያስተውልም። «ከሦስት ወር በኋላ በዚህ ቀን እለካዋለሁ» በይና የልጃቸውን ስልክ ቁጥር መዝግቢ። በቀጠሮው ካልመጡ ደውዪ።

ልጄ፣ ምን ይዤ ልሂድ ብለሽኝ ነበር። ይህን ሜትርና አራት ቃላት ይዘሽ ሂጂ፦ እጅ፣ ምስል፣ መርፌ፣ ቢላ። ቅደም ተከተላቸውን አታዛንፊ። እኔ ያኔ ምስሉን አንሥቼ ሁሉን ያወቅሁ መሰለኝ፤ የእኚያን ገበሬ ጭን እንኳ በእጄ አልዳሰስኩትም ነበር። አንቺ ዳስሺ፣ ለኪ፣ ጻፊ፣ አሳዪ፣ ላኪ። እሳቸውን የመሰሉ ገበሬ ነገ ከደጅሽ ሊወጡ ሲሉ «ይቺንስ ብታዪልኝ» ካሉሽ፣ ወረፋው ቢረዝምም፣ ሰዓቱ ቢመሽም፣ እባክሽ መልሰሽ አስቀምጫቸው።